የ2017 በጀት ዓመት የአደጋ ጊዜ ሥራን ስለማሳወቅ

ለተከበራችሁ የስታዲየም አካባቢ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣

ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ወገንን ሲያገለግል የኖረው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጀት ዓመቱን የጀመረው ፋታ ሳያገኝ ነበር፤ ሐምሌ ሳይጋመስ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት በአካፋና በእጃቸው ሲቆፍሩ ሁለተኛው የደረሰባቸው ናቸው። ከማንም ቀድሞ የሚደርስ ጎረቤት ነውና፣ ለኅብረተሰቡ የምንሰጠው ሥልጠና ከአምቡላንሱ ያላነሰ ዋጋ እንዳለው አምናለሁ። ጥቅምት ላይ የመርካቶው ሸማ ተራ ቃጠሎ፣ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ እየተደጋገመ ብዙዎችን ከቀያቸው ያፈናቀለው የመሬት መንቀጥቀጥ ተከተሉ።

ለተፈናቀለ ቤተሰብ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ሸራ፣ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካንና የማብሰያ ዕቃ ሲሆን፣ ይህ አስቀድሞ በመጋዘን ካልተዘጋጀ አደጋው ከደረሰ በኋላ በሚሰበሰብ ገንዘብ ተገዝቶ በጊዜው አይደርስም። ስለሆነም የአባልነት መዋጮአችሁን (እንደ እድር ክፍያ ሁሉ) ሳታዘገዩ እንድትከፍሉ፣ ከመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳችሁ የጎደለውን ፋሻና ጓንትም እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። የማኅበሩ አምቡላንስ የነጻ ጥሪ ቁጥር 907 መሆኑን ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩልን።

የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ