ግብጦን ከአረቄ ቤት እናውጣው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው አከራያችን አንብበው ሲጨርሱ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት የምታወጡትን ሁሉ እከታተላለሁ። የጤፍ፣ የዘይትና የሽሮ ነገር ሁሌ ይነሳል። ግብጦ ግን አንድም ቀን ተነስቶ አላየሁም። ስለዚህ እኔው ልጻፍ ብዬ ብዕር አነሳሁ።

እኔ «ነን ካፌ» ነኝ፤ የግቢው ካፌ አልመገብም። ከግቢ ውጭ ሦስት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተን ራሳችን እናበስላለን። አንዷ የሞጣ ልጅ ናት፣ አንዷ የፍኖተ ሰላም፣ እኔ ደግሞ የሰከላ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አያቴ ግማሽ ጆንያ ግብጦ ልካልኝ ነበር። ጓደኞቼ ጆንያውን ሲያዩ ሳቁ። የሞጣዋ «ይሄ እኮ አረቄ ቤት የሚቆረጠም ነው፤ እኛን ምን ልታደርጊን ነው?» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ እኔም ከተማ ከገባሁ በኋላ ግብጦ አደባባይ ላይ መቆርጠም አፍሬ አውቃለሁ። ዛሬ የሚቆጨኝ ያ እፍረት ነው።

ለማያውቁት ልንገራቸው። ግብጦ እንደ ባቄላና አተር ጥራጥሬ ነው። ፍሬው ነጣ ያለ፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው። በአገራችን በዋናነት የሚበቅለው እዚሁ እኛ ጎጃምና አዊ ውስጥ ነው። ችግሩ መራራ መሆኑ ነው። እንዲሁ ቢበሉት ይጎዳል። ምሬቱን ማውጣት ደግሞ ሙያ ይጠይቃል፤ የአያቴ ሙያ ይሄ ነው።

አያቴ መጀመሪያ በትልቅ ምጣድ ትቆላዋለች። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ከዚያ ጆንያ ውስጥ ትከተውና አፉን በገመድ አጥብቃ ወደ ወንዝ ትወርዳለች። ገመዱን ከዛፍ ሥር ታስረዋለች፣ በላዩ ድንጋይ ትጭናለች። ውኃው ሌት ተቀን በጆንያው ውስጥ ያልፋል። ልጅ ሆኜ ጆንያው እንዳይወሰድ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ የማየው እኔ ነበርኩ። በአምስተኛው ቀን አንድ ፍሬ አውጥታ ታቀምሰኛለች። «ምላስሽን ትንሽም ከነካሽ ገና ነው፤ መልሺው» ትለኛለች። አንዳንዴ ሰባት ቀን ይቆያል። ሲወጣ ፍሬው አብጦ፣ ለስልሶ፣ ቆዳው በሁለት ጣት ጫን ሲሉት ሾልኮ ይወጣል። ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሶ መብላት ነው። በጾም ቀን ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር አላውቅም።

እዚህ ከተማ ግን ወንዝ የለኝም፤ ባልዲ ነው ያለኝ። የተላከልኝን ግብጦ ቆላሁና በባልዲ ዘፈዘፍኩት። በሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ውኃ ጠፋ። መቀየር አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ርቦን ነበር፤ ቀመስኩት፣ ምሬቱ የቀነሰ መሰለኝ። አወጣሁና በላን። የሞጣዋ ጓደኛዬ ደህና አድርጋ ነበር የበላችው። ብዙም ሳይቆይ አፏ ደረቀ፣ ዓይኗ ብዥ አለባት፣ ቆማ መሄድ አቃታት። በባጃጅ ይዘናት ወደ ሐኪም ሮጥን። ማታ ላይ ተሻላት፤ ተመስገን። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አያቴ «መልሺው» ስትል ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ። ምሬቱ የሚመጣው አልካሎይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ውኃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ውኃው ካልተቀየረ ወይም ካልፈሰሰ የወጣው ምሬት እዚያው ይቀራል። አሁን በባልዲ ስዘፈዝፍ በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ እቀይራለሁ፣ ሰባት ቀን እጠብቃለሁ፣ ትንሽም ከመረረ እቀጥላለሁ። መራራውን ውኃ ከብትም ዶሮም በማይደርስበት ቦታ እደፋዋለሁ። ይህን የምጽፈው ደብዳቤዬን አንብቦ ዛሬውኑ የሚሞክር ሰው እንዳይጎዳ ነው። በተለይ ለሕፃናት ያልለቀቀ ግብጦ እንዳትሰጡ አደራ።

ታዲያ እንዲህ የሚያስቸግር ከሆነ ለምን ይበላል? እዚያው ቤተ መጻሕፍት ያነበብኩት ሌላው ነገር ነው መልሱ። ከደረቅ ግብጦ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ከባቄላና ከአተር ይበልጣል። ሥጋ በወር አንዴ ለማይገዛ ተማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ራሴ ባለፈው ገበያ ለአንድ ጣሳ አተር በምከፍለው ብር ከሁለት ጣሳ በላይ ግብጦ ገዝቻለሁ።

የመሬቱ ነገር ደግሞ አለ። አያቴ ባሏ በሕይወት ሳሉ የሚሉትን ትነግረኛለች፤ «መሬት ሲደክም ግብጦ ዝራበት» ይሉ ነበር። ብዙ እርሻ አይፈልግም፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም። መራራ ስለሆነ ከብት አይነካውም። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ላይ ዳጉሳ ወይም ጤፍ ሲዘሩበት ደህና ይሰጣል። ይሄ ተረት አይደለም። እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ሥሩ ላይ ያሉት እብጠቶች ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ። ግብጦ ከዚህም ያልፋል። ሥሩ እንደ ጠርሙስ ብሩሽ ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣና አሲድ ያመነጫል፤ ያ አሲድ አፈሩ ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠውን ፎስፈረስ፣ ሰብል የሚመገበውን ንጥረ ነገር፣ ይፈታዋል። የእኛ የጎጃም ደጋ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል፤ ፎስፈረስ የሚቆለፈውም እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ነው፤ ገበሬው ኖራ ጨምርበት እየተባለ ነው። ማዳበሪያም ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ጓሯችን ውስጥ ያለ መድኃኒት እያለ አረቄ ቤት ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ያንገበግበኛል።

ስለ ወንዝም ልበል። ገበያ ላይ ምሬቱ የወጣ ግብጦ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ ደንበኛቸው ነኝ። ድሮ ከተማው አጠገብ ካለው ወንዝ ይዘፈዝፉ ነበር። አሁን ግን ሩቅ፣ ወደ ላይ ወጥተው ነው የሚዘፈዝፉት። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ጆንያውን ሳነሳ ፌስታል ነው የሚወጣው» አሉኝ። አብሬያቸው ወርጄ አየሁት። ቁጥቋጦው ላይ ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ድንጋዩ ሥር የውኃ ኮዳ ተሰግስጓል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ደስ ብሎኛል። ግን እኔም ግብጦውን የምገዛው በፌስታል ነበር! ያን ቀን አፈርኩ። አሁን አያቴ የሰጠችኝን ዘንቢል ይዤ ነው የምሄደው። ወደ አገር ቤት ስሄድም ስንቄን በአገልግል እይዛለሁ። መኪና ውስጥ ሰው ያየኛል፤ ይየኝ።

ባለፈው ሁዳዴ አንድ ነገር ሞከርን። ምሬቱ የወጣውን ግብጦ ልጠን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ ከባቄላ ጋር እኩል አስፈጨነው። ሽሮ ሠራንበት። ብቻውን ሲሆን ይከብዳል፤ ከባቄላ ጋር ግን ወፍራም፣ ደስ የሚል ወጥ ወጣው። ነጭ ሽንኩርት በዛ አድርጎ ይፈልጋል። የፍኖተ ሰላሟ ጓደኛዬ እናቷ ቤት ወስዳ ሠርታላቸው፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ በሉና «የማን አተር ነው?» ብለው ጠየቁ። ያቺ ታምማ የነበረችው የሞጣ ልጅም ዛሬ ከእኔ በላይ ትቆረጥመዋለች። ግን ሁሌ መጀመሪያ አንዷን ፍሬ ራሷ ካልቀመሰች አትጀምርም፤ ልክ ናት።

ከእናንተ የምጠይቀው አለ። በምግብ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ግብጦ አንድ ሙሉ ጽሑፍ አውጡ። ሰከላ፣ ሜጫ፣ ዳንግላ ያሉ እናቶችን አነጋግሩ፤ አዘገጃጀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የተማሪ ካፌ የሚያስተዳድሩ ሰዎችንም በጾም ቀን ግብጦ ማቅረብ ምን እንደሚያግዳቸው ጠይቁልኝ። የግብርና ተመራማሪዎቻችንን ደግሞ ይህን ጠይቁልኝ፤ ጀርመኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምሬታቸው በጣም ያነሰ የግብጦ ዓይነቶችን መርጠው አውጥተዋል። ለእኛ ገበሬ ለምግብ የሚሆን እንዲህ ያለ ዘር መቼ በሰፊው ይደርሰዋል? መራራውም ግን ከብት ስለማይነካው ጥቅም አለውና ጨርሶ እንዳይጠፋ።

አንባቢዎችም ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ግብጦን ከአረቄ ጋር ከመቆርጠም ሌላ በሌላ መንገድ የምትሠሩ ካላችሁ፣ አሠራሩን ለጋዜጣው ላኩ። አያቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነብላታለሁ። የሚመጣው የገና ዕረፍት ላይ ከእሷ ጋር ወንዝ ወርጄ፣ የላካችሁትን እዚያው እንሞክረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
ደብረ ማርቆስ