የተጀቦነችው ፒካፕ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በቴሌግራም የላክሁልዎን ፎቶ አይተው “ይቺ መኪና ምን ሆና ነው እንዲህ የተጀቦነችው? ቀለም አልቆባቸው ነው?” ብለው እንደሳቁ ታናሼ ነገረችኝ። በስልክ ላስረዳዎ ብል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። በጽሑፍ ይሻላል፣ እሷ ታነብልዎታለች።

ፎቶውን ያነሳሁት እዚህ ዳላስ አንድ ነዳጅ ማደያ ነው። ያቺ ፒካፕ ገና ለገበያ አልወጣችም። ፋብሪካዎች አዲስ ሞዴል መንገድ ላይ ሲሞክሩ ቅርጿ እንዳይታወቅ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ላስቲክ ይለጥፉባታል። መስመሩ እየተጠማዘዘ ዓይን ያወናብዳል፤ የቱ ጋ ጎበጥ፣ የቱ ጋ ጎድጎድ እንደሚል አይለይም። አንዳንዴም ከላስቲኩ ሥር የውሸት ፕላስቲክ ጨምረው ያሳብጧታል። እንግዲህ እንደኔ ያለው ሥራ ፈት ፎቶውን እያጎላ “ውስጧ ምን ይሆን?” ሲል ያመሻል። ባለቤቴ ይሄን አመሌን አትወደውም።

ግን እኮ ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት። ደሴ ነጩን ሃይሉክስ ልንገዛ የሄድን ቀን ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲለፈልፍ፣ ኮትዎን ለእኔ አስይዘው መሬት ላይ ተንጋለሉና ከሥር ገቡ። ሻንሲውን፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመውን ብረት፣ በቡሎን መፍቻ ኳ ኳ እያደረጉ ብየዳ ፈለጉ። እኔ ኮቱን ይዤ አፈርኩ። አሁን እኔም ፎቶ ላይ መጀመሪያ የማየው ታች ነው።

በሁለቱ ጎማዎች መሃል፣ ከበሩ ሥር ወፍራም ብረት ወርዶ ከታየ ሻንሲ አላት። ቀጥሎ በጋቢናውና በጭነት ቦታው መሃል ክፍተት እፈልጋለሁ። ጉድጓድ ስትገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ጋቢናውና ጭነቱ ለየብቻ ስለታሰሩ ለየብቻ ይወዛወዛሉ። ክፍተቱ ለዚያ ነው። ግን እሱም ያታልላል። ሆንዳ ሪጅላይን የሚባል ፒካፕ አለ፤ እንደ ቤት መኪና ቦዲው ራሱ ነው የሚሸከመው። የመጀመሪያው፣ በፈረንጅ 2005 የወጣው፣ ጎኑ ከጋቢና እስከ ጭነት ወጥ ነበር። የ2017ቱ ሞዴል ላይ ግን መሃሉ ላይ መስመር አለ። ያየው ሁሉ ሻንሲ ያለው ይመስለዋል። የለውም።

በእኛ የ2013 የገና ሰሞን የበግ ውርርዳችን ትዝ ይልዎታል? አዲሱ ቶዮታ ቱንድራ ሳይወጣ፣ ለሙከራ የሚነዱት ላይ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው አክስል ዙሪያ ጨርቅ ተጋርዶ ነበር። እኔ “አሮጌው ባሌስትራ፣ ያ ተደራራቢው ዝርግ ብረት፣ እንዳለው ማን ያጣዋል? ያንኑ ቢደግሙት ለምን ይሸፍኑታል? ጥምዝምዙ ሞላ ነው፤ እንዲያውም ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ነው” አልኩ። እርስዎ “ጭነት የሚጭን መኪና ያለ ባሌስትራ? ወገቡ ይቆረጣል! አክስሉም ድፍን ነው፤ አትልፋ” አሉኝ። መስከረም ላይ ሲገለጥ ሞላ ሆኖ ተገኘ። አክስሉ ግን እርስዎ እንዳሉት ድፍን። የበጉን ዋጋ ለሁለት ከፈልነው።

እውነት ለመናገር፣ ራም 1500 የሚባለው ፒካፕ በፈረንጅ ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ኋላው በሞላ ነበር። ያኔ ያልነገርኩዎ ውርርዱን እንዳይተዉት ብዬ ነው። 5.7 ሊትሩ ቪ8 ሞተር ቀርቶ ባለ 6 ሲሊንደር መንታ ቱርቦ መምጣቱን ደግሞ ሁለታችንም አልገመትንም። ጎማውን የሚያስረው ዳዶም አመለጠን፤ አሮጌው ቱንድራ በጎማ 5 ዳዶ ነበረው፣ አዲሱ 6። ጎማ እኮ አይሸፈንም፤ ቁጭ ብለን መቁጠር ነበረብን።

አሁን የላክሁልዎ ፎቶ ላይ ሻንሲው ይታያል፣ ክፍተቱም አለ። ኋላ ጎማው ውስጥ ጥላ ስለሆነ ሞላ ይሁን ባሌስትራ አለየሁትም። ግን ጨርቅ የለም፤ እና የድሮው ነው፣ አልተለወጠም እላለሁ። ድርብ ሽፋን ያለው የጭነቱ የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳው ላይ ነው። አዲሱ ነገር እዚያ ነው ያለው። ምናልባት እንደ ሪጅላይኑ ወደ ታችም ወደ ጎንም የሚከፈት ይሆናል። እርስዎ ምን ይላሉ? በግ ነው እንግዲህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለፋሲካ የላካችሁልኝን አራት ፎቶዎችም እንደዚሁ አጉልቼ አየኋቸው። ፊትዎ ደህና ነው፣ እጅዎም። ግራ እግርዎ ላይ ግን በአራቱም ጋቢ አለ። በዚያ በኮምቦልቻ ሙቀት! ታናሼን ብጠይቃት “ምንም አልሆነም” አለችኝ፣ በጣም ፈጥና። እኔ ጉልበትዎ ነው እላለሁ። እሁድ ጋቢውን አስቀምጠው ከበረንዳው እስከ በሩ ሲራመዱ ቪዲዮ ትቅረጽልኝ። ተሳስቼ ከሆነ የዚህኛውን በግ ሙሉውን እኔ እከፍላለሁ።

ልጅዎ