ኢሜይሎችዎ ተገኝተዋል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዲስ አበባ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ያ አሮጌ ኮምፒውተርዎ ግን ሀርድ ዲስኩ አልቆለታል። ደብዳቤዎቹ ተርፈዋልና በየስልኩ መጠየቁን ይተዉት።

ፒያሳ ያለው የጥገና ልጅ ገና ድምፁን ሲሰማ "ሁለተኛ እንዳታበሩት" አለኝ። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው የሚያነበው ጭንቅላት ቦታውን ሲስት ነው፤ በተበራ ቁጥር ዲስኩን ሊፍቀው ይችላል። ጎረቤት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው ሲለኝ ነበር፤ እርጥበቱ የቀረውን ሊጨርሰው! ልጁ መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ገለበጠ፤ እምቢ ያለውን እየዘለለ፣ በኋላ እየተመለሰበት። ፍለጋው ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው የተካሄደው። ኢሜይል ይጽፉበት የነበረው ፕሮግራም፣ የአውትሉክ ኤክስፕረስ፣ ፋይሎች ከተደበቀ ፎልደር ውስጥ ወጡ። ያኔ ፕሮግራሙ ደብዳቤውን ካወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ያጠፋው ስለነበር ሌላ የምንፈልግበት ቦታ አልነበረም።

ሲከፈት ግን አማርኛ የለም፤ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ። ለካ ዩኒኮድ፣ ማለት ዛሬ ኮምፒውተሩ ሁሉ የሚግባባበት የፊደል ኮድ፣ ያልሆነውን የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው ሲጠቀሙ የነበረው። ልጁ ፎንቱን ፈልጎ ሲጭነው የእርስዎ አራት ነጥብ ሁሉ በየቦታው ቁጭ አለ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ትንሹ ለከተራ ወደ ጥምቀተ ባሕር የምወርደው ከአያቴ ጋር ነው እንጂ ከማንም ጋር አይደለም ብሎ ነጠላውን ከአሁኑ አሳጥቧል። ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው፤ ሌሊት እየተነሳን በርሜል እንሞላለን። ጌሾው ለምልሟል።

ደብዳቤዎቹን አነበብኳቸው፣ አባባ።

ግንቦት 2000 ላይ በአንድ ምሽት የተላኩ ሁለት አሉ። ለእኔ ሕንድ አገር፦ "ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። አንቺ ብቻ ትምህርትሽን በርቺ።" ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ለጋሼ፦ "እናትህ ዛሬም ከአልጋ አልተነሳችም። እህትህ ፈተና ላይ ናት፣ እንዳትነግራት።"

አስበውልኝ ነው፤ ይገባኛል። አክስቴም ማንም እንዲህ ነው የሚያደርገው ትላለች። እኔ ግን ለእማዬ ነጠላ ሸማ፣ ለእርስዎ ሰዓት ይዤ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እየሳቅሁ ወረድኩ። ተቀባዮቼ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። በነጋታው ማለዳ ሽማግሌ ሰብስበው አረዱኝ። አርባዋ ወጥቶ ነበር። ፈተናውንማ አልፌያለሁ፤ ዲግሪው ሳሎን ተሰቅሏል፣ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ለትምህርቴ መሬት ሸጠው፣ የራስዎን ጥርስ ሳያሳክሙ ያስተማሩኝን አልረሳሁም። እሱን ሌላ ቀን ተቀምጠን እናወራዋለን።

አሁን ግን በስልክ "ሁላችንም ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ ልጆችሽን ያዢ" ሲሉኝ ቃሉ ሁሉ ያው የግንቦቱ ነው። ሐኪሙ ምን አለ ስልዎት ጋሼ ስልኩን ይቀበልዎታል። እሱ ደግሞ ስለ ታክሲ ወረፋና ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራልኛል። የናሙናው ውጤት መውጣቱን የሰማሁት ከጋሼ ልጅ ነው፤ እንዳይቆጧት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያወጣጣኋት። እንጀራ ከበርበሬ ጋር አልወርድ ብሎኛል ማለትዎንም ነግራኛለች። መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚወስዱት? እሱን እንኳ አላውቅም።

ዘንድሮ ፈተና የለብኝም፣ አባባ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ። ከሥሩም ሐኪሙ ያለውን እርስዎ ራስዎ ይጻፉልኝ፣ ጋሼ አይጻፍልዎ። ልጆቹን አክስቴ ትይዝልኛለች። ትኬቱን እስከ ዓርብ እንዲያቆዩልኝ ተነጋግሬያለሁ፤ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

ልጅዎ፣ ከጎንደር