የሐኪም ወርቅነህን የለንደን ደብዳቤዎች በአማርኛ እናውጣቸው፦ የድጋፍ ጥሪ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በሕክምናቸው ነው። በልጅነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው ሕንድ አደጉ። ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፣ ተምረው ሐኪም ሆኑ፣ ኋላም አገራቸው ገቡ። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ደግሞ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ደርሷል።

ጊዜው ክፉ ነበር። ዓለም ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና አላገገመም። እንግሊዝ ውስጥ ብቻ 2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በዚህ ሰዓት ነው ሐኪም ወርቅነህ ለአገራቸው ብድር ሲያፈላልጉ፣ ለቁስለኛ የሚሆን ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ የባለሥልጣን ደጅ ሲጠኑ የከረሙት። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለኢትዮጵያም ለጣሊያንም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። ጣሊያን ግን መሣሪያዋን በራሷ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። በሩ የተዘጋው በእኛ ላይ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ አሉ። እንግሊዝ አገር ተምረው ተመልሰው ነበር። ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር ዘመቱ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሺስቶች ረሸኗቸው።

የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዚያን ዘመን ከሌጋሲዮናችን (ለንደን ከነበረው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት) ጋር የተጻጻፈው ዛሬ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ይገኛል። ፋይሎቹን ስታዩ ደብዳቤዎቹ ብቻ አይደሉም የሚያንገበግቡት። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ ሹማምንቱ በየፋይሉ ሽፋን ላይ አስተያየታቸውን በእጃቸው ይጽፋሉ። አንዱ ጽፎ ይፈርማል፣ ቀን ያደርግበታል፣ ሌላው ከሥሩ ይቀጥላል። የእኛ ሰው የጠየቁትና እነሱ ከጀርባ የተባባሉት አንድ ላይ ተጠርዞ ተቀምጧል። ይህን የአገር ቤት ተማሪ እንዳያነብ የሚያግደው ርቀትና ቋንቋ ብቻ ነው።

እኛ ለንደን ያለን ጥቂት ኢትዮጵያውያን እነዚህን ወረቀቶች ፎቶ እያነሣን ወደ አማርኛ ልናስተረጉም፣ ማንም ሰው በነጻ እንዲያነባቸው ልናደርግ ተነሥተናል። አንድ አንድ ቅጂ ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ)፣ ለ6 ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልንሰጥ እንፈልጋለን። ሐኪሙ የጎንደር ልጅ ናቸውና።

ለመጀመሪያው ዙር የሚያስፈልገን 3,500 ፓውንድ ነው። መዝገብ ቤቱ የራስን ካሜራ ይዞ ገብቶ ማንሣትን ስለሚፈቅድ ለፎቶው አንከፍልም። ገንዘቡ በአብዛኛው ለተርጓሚዎች ነው። ያንን የተጣመመ የእጅ ጽሑፍ ለቅሞ የሚያነብ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በነጻ ማሠራት ነውር ነው። የቀረው ለአማርኛ ጽሕፈት፣ ለማከማቻ ዲስክና ለበጎ ፈቃደኞች ትራንስፖርት ይውላል።

5 ፓውንድም ትሁን 500 ብር፣ የቻላችሁትን ጣል አድርጉ። ዕድሮችና ማኅበራት በጋራ ብትሰጡ ደግሞ ነገሩን በጣም ታቀሉልናላችሁ። ገንዘብ ያልተመቸው በጉልበት ያግዘን፤ አንባቢም፣ አራሚም፣ ታይፒስትም እንፈልጋለን። ከአያት ከቅድመ አያት የቀረ የዚያ ዘመን ደብዳቤ ቤታችሁ ካለም ንገሩን፤ ፎቶውን ብቻ አንሥተን ዋናውን እዚያው እንተውላችኋለን።

የገቢና የወጪ ሒሳቡን በየወሩ እናሳውቃለን። ስሙ እንዳይጠቀስ የሚፈልግ ሰው ሲሰጥ ይንገረን።