«ቱሪስት ሆኖ መግባትና እዚያው ማመልከት» ለማን ነው የተጻፈው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በደቡብ ስፔን ባሕር ዳርቻ፣ ኔርኻ ከተማ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ስለመሥራት ባለፈው እሁድ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ስለ ባሕሩና ስለ አየሩ ያላችሁት ትክክል ነው። ያናደደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያለ ቪዛ ቱሪስት ሆኖ ገብቶ፣ በ90 ቀን ውስጥ እዚያው አመልክቶ የ3 ዓመት ፈቃድ መያዝ ይቻላል ያላችሁት። በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህ እንዴት ይጻፋል? የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ስፔን መግባት ቀርቶ፣ በአውሮፓ አየር ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል።

በታኅሣሥ 2015 የወጣው የስፔን ሕግ ቁጥር 28/2022 ስፔን ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት በርቀት ለሚሠራ ሰው ሁለት በር ነው የከፈተው። አንደኛው በቆንስላ የሚጠየቅ እስከ 1 ዓመት የሚያገለግል ቪዛ ነው። ሁለተኛው በሕጋዊ መንገድ ስፔን ውስጥ ያለ ሰው እዚያው የሚጠይቀው እስከ 3 ዓመት የሚደርስ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እናንተ የጻፋችሁት ሁለተኛውን ብቻ ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ላለው ወገናችን ይሠራል። አዲስ አበባ፣ ዱባይና ሪያድ ላለነው ግን መንገዱ የመጀመሪያው ነው፤ ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፋችሁም።

ዝም ማለቱ ደግሞ ጉዳት አለው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በእኛ ላይ የአጭር ጊዜ ቪዛ አጥብቋል፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። የቱሪስት ቪዛ ቅጽ ላይ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ እወጣለሁ ብሎ መፈረም አለ። ዘገባችሁን አምኖ፣ ለመቅረት አስቦ ለጉብኝት ነው ብሎ የሚፈርም ወጣት ቢከለከል ክልከላው መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለውም ማመልከቻ ጥላ ይሆንበታል።

የቆንስላውን መንገድ የሚይዝ ሰው ሥራውን ከወረቀት ይጀምር። አሠሪው ድርጅት ቢያንስ 1 ዓመት የሠራ፣ የአመልካቹም ውል ቢያንስ 3 ወር የሆነው መሆን አለበት። የድርጅቱ ደብዳቤ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና ከስፔን ሆኖ መሥራት እንደተፈቀደለት በግልጽ ይናገር፤ «በርቀት ይሠራል» የሚል ብቻ አይበቃም። ዲግሪ የሌለው የ3 ዓመት ልምድ ያቀርባል። የሚጠየቀው ገቢ የስፔን ዝቅተኛ ደመወዝ ሁለት እጥፍ ነው፤ በፈረንጆቹ 2025 ስሌት በወር 2,763 ዩሮ ገደማ ነበር። በዚያው ስሌት የትዳር ጓደኛ ሲጨመር 1,036፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 345 ዩሮ ያህል ይታከል ነበር።

ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (የአንዱን አገር ሰነድ በአንድ ማኅተም ብቻ በሌላው አገር የሚያስቀብል ውል) አባል ስላልሆነች አንድ ማኅተም አይበቃንም። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፣ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ስፔን ኤምባሲ፤ መጨረሻ ላይ በሕግ ወደታወቀ የስፓኒሽ ተርጓሚ። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የብዙ ሰው ፋይል የሚሰናከለው ግን በስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም አለ፣ አሮጌው ዲግሪ ላይ የለም፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት በላቲኑ ዋይ፣ በሌላው በአይ ያልቃል። የስፔን ቅጽ ደግሞ ሁለት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የአባትና የአያት ስም በየትኛው ቦታ እንደተሞላ ከወረቀት ወረቀት ከተለያየ ጥያቄ ይመጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የምረቃ ዓመት ሳይቀየር ከተተረጎመ ሰውዬው በእርግጥ ከተመረቀበት 7 ወይም 8 ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይመስላል። ይህን አስቀድሞ በማስተካከያ ደብዳቤ መዝጋት ይገባል።

ትልቁ እንቅፋት ማኅበራዊ ዋስትና ነው። አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ከስፔን ጋር ስምምነት ስላላት የዚያ አገር ተቀጣሪ በአገሩ ማኅበራዊ ዋስትና መሸፈኑን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት አምጥቶ ሊያልፍ ይችላል። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ድርጅት ተቀጣሪ ከሆኑ ድርጅቱ ራሱ በስፔን ማኅበራዊ ዋስትና መመዝገብ አለበት፤ ስንቱ እሺ ይላል? ያለው አማራጭ ከቅጥር ወጥቶ በግል አገልግሎት ሰጪነት ውል መያዝና በስፔን «አውቶኖሞ» (በግሉ የሚሠራ ባለሙያ) ሆኖ መመዝገብ ነው። ለአዲስ ተመዝጋቢ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ በወር ከ80 ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በገቢው ልክ ይጨምራል። ውሉን የቀየረ ሰው ግን አዲሱ ውል 3 ወር እስኪሞላው ጠብቆ ቢያመለክት ይሻለዋል።

ስለ ኪራይ አንድ ነገር ብቻ። ርካሽ ብላችሁ ያወጣችሁት ዋጋ የክረምት ዋጋ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ብዙ አከራይ «የወቅት ውል» የሚሰጠው በሰኔ ቤቱን አስለቅቆ በሳምንት ለቱሪስት ለማከራየት ነው። መያዣውም ለመደበኛ መኖሪያ 1 ወር ሲሆን ለወቅት ውል 2 ወር ነው። በማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎች መዝገብ ለመግባት ውሉ ስለሚጠየቅ፣ ቁልፍ ከመረከብ በፊት አከራዩ በዚያ አድራሻ መመዝገብን ይፈቅድ እንደሆነ ይጠየቅ።

የምጠይቃችሁ ማረሚያ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር «ከቪዛ ነፃ ፓስፖርት ላላቸው ብቻ» ይባል፤ ከሥሩም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሕጋዊ መንገድ በሚኖርበት አገር ባለ የስፔን ቆንስላ እንደሚያመለክት ይጻፍ። ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ ይውጣ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ አንባቢያችሁ