አጥሚት ከማቅጠን በፊት አንድ ጥያቄ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በካንሰር ምክንያት የምግብ ቧንቧው ተቆርጦ የወጣለት ሰው ቤቱ ሲገባ ጠያቂው ሁሉ ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው የሚያወራው። ቤተሰቡን ሌት ተቀን የሚያስጨንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ የጎረሰው አልወርድ ይለዋል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለዚህ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ማቅጠን። ፍትፍቱ እምቢ ካለ ሾርባ፣ ሾርባው እምቢ ካለ ውኃ የመሰለ አጥሚት። ይህ ልማድ አንዱን በሽተኛ ቀስ በቀስ ያስርበዋል፣ ሌላውን ደግሞ ለሳንባ ምች ይዳርገዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣው ቧንቧ ፋንታ ብዙ ጊዜ የሚገባው የበሽተኛው የራሱ ጨጓራ ነው። ሐኪሞቹ እንደ ቱቦ አጥብበው ወደ ላይ ይስቡትና አንገት ወይም ደረት ውስጥ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይሰፉታል። ምግብ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚይዘው መዝጊያ ከወጣው ክፍል ጋር ይሄዳል፤ ጨጓራውን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም ይቆረጣል። ስለዚህ «አልወርድ አለኝ» የሚለው አቤቱታ መነሻው ብዙ ነው። ለመለየት መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀላል ነው፦ የሚያስቸግርህ እንጀራው ነው ወይስ ውኃው?

እንጀራው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስፌቱ ጠቧል ማለት ነው። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ይሰበሰባል፤ ይህም ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ቆይቶ ይታያል። ስፌቱ መጀመሪያ ላይ አፍስሶ የነበረ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። አመጣጡ ደረጃ አለው፦ በፊት ሥጋና ዳቦ ይሰነቀራል፣ ከዚያ ፍትፍት፣ በመጨረሻ ምራቅ ሳይቀር። አጥሚት የሚያቀጥን ቤተሰብ ይህን ደረጃ ይሸፍነዋል። በሽተኛው «ደህና እየወሰደ ነው» ሲባል ቀዳዳው እየጠበበ፣ ኪሎው እየወረደ ይሄዳል። ሲባባስ ደግሞ «በሽታው ተመልሶበታል» ተብሎ ተስፋ ይቆረጣል። ካንሰሩ መመለሱን ማጣራት ተገቢ ነው፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ተራ ጠባሳ ነው፣ በጠባሳ የጠበበ ቀዳዳ ደግሞ መልሶ ሊከፈት ይችላል።

ቀዳዳውን ማስፋት የሚቻለው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በማስገባት ነው። በሽተኛው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጾሞ ይመጣል፣ ማደንዘዣ ይወስዳል፣ ከዚያ የሚነፋ ፊኛ ወይም ጫፉ የቀጠነ ዘንግ በጠበበው በኩል ይገባል። በአንድ ቀን ሁሉንም መክፈት አደጋ ስላለው በየጊዜው የሚጨመረው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ ይደገማል፤ ግቡ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ ከ13 በታች ከሆነ ጠጣር ምግብ መያዙ አይቀርምና። አንዴ ተሰፍቶ እንደገና ቢጠብ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ደጋግሞ መሰፋት ያስፈልገዋል። ከማስፋት በኋላ ብርቱ የደረት ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ወይም የአንገት ቆዳ አብጦ ሲጫኑት ቅርቅር የሚል ከሆነ፣ ቧንቧው ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳይቀምስ በዚያው ሰዓት መመለስ አለበት።

የሚያስቸግረው ውኃው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ገንፎ ደህና ይወርዳል፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ትን ይለዋል፣ ድምፁም ሻክሯል። ይህ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የድምፅ ነርቭ ሲነካ የሚመጣ ነው፤ የድምፅ አውታሩ በደንብ ስለማይዘጋ ቀጭኑ ነገር ወደ ሳንባ ይሾልካል። ለዚህ ሰው አጥሚት ማቅጠን ማለት ሳንባው ውስጥ መጨመር ነው። የሚጠጣው ወፈር ይበል፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ሰበር አድርጎ ይዋጥ። ሳል ሳይኖር ከምግብ በኋላ ድምፁ እንደ ረጠበ የሚንኮረኮር ከሆነም ያው ነው። ለሐኪም መነገር አለበት።

ሦስተኛው ዓይነት ወርዶ የሚቀመጠው ነው። ጥቂት በልቶ ይጠግባል፣ ደረቱ ይሞላል፣ ከሰዓታት በኋላ የበላውን እንዳለ ያስመልሳል። የጨጓራው መውጫ አልከፈት ሲል የሚሆን ነው፤ በመድኃኒት ወይም መውጫውን በኢንዶስኮፒ በማስፋት ይታከማል። አራተኛው ተቃራኒው ነው፤ ምግቡ ሳይቆይ አንጀት ላይ ይደፋል። ከበላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ላብ፣ የልብ ትርታ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ይመጣል፤ ወይም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል። አባባሹ ጣፋጭ ነው፦ ለስላሳ፣ ጁስ፣ ስኳር የበዛበት አጥሚት። አዎ፣ አጥሚት እንደገና።

አበላሉ፦ በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በቡና ቁርስ ሳህን ልክ። መጠጥ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከ30 ደቂቃ በፊት ወይም በኋላ። እንጀራው በወጥ በደንብ የራሰ ፍትፍት ይሁን፤ ደረቅ እንጀራና ትኩስ ለስላሳ ዳቦ ተድበልብለው ስፌቱ ላይ ይቀመጣሉ። እንቁላል፣ እርጎ፣ የላመ ሽሮ፣ በጾም ደግሞ የለውዝ ቅቤ ጥሩ ነው። ቆሎና ጥብስ ይቆዩ። በርጫ የሚወድም ይተው፤ ቅጠሉ ይሰነቀራል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይገድላል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው እንክብሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን በእርጎ ይዋጥ እንጂ አይፍጫቸው፤ ከተፈጩ አሲዱ ያበላሻቸዋል።

ከበላ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት አይብላ። የአልጋው ራስጌ እግሮች ከሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን እንጨት ከፍ ይበሉ። ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል እንጂ አይረዳም። ኮምቦልቻ ምሳውን በልቶ ወዲያው ወደ ደሴ የሚያደርሰውን የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሰው በጠመዝማዛው ላይ ምግቡ ወደ አፉ ቢመለስ አይገርምም፤ መዝጊያ የለውም። ለክትትል ደሴ የሚመጣ ሰው ምሳውን ደሴ ደርሶ ይብላ።

ጉርሻን በተመለከተ ትንሽ እንቆጣለን። «በሞቴ» ተብሎ የሚጎረስ እጅ ሙሉ ፍትፍት ለዚህ ሰው ፍቅር አይደለም። ራሱ ይጉረስ፣ ትንሽ ትንሽ፣ አላምጦ አላምጦ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን ውሎ በኢፍጣር ቴምርና ጁስ ላይ መውደቅም ከላይ ያልነውን መደፋት ይጋብዛል። ለታመመ ሰው በእስልምናም በክርስትናም ፈቃድ አለና ሼኩን ወይም የንስሐ አባቱን ያማክር።

በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ይመዘን። በ2 ሳምንት 2 ኪሎ ከቀነሰ፣ ወይም ባለፈው ሳምንት ይወርድ የነበረው ፍትፍት ዛሬ ከያዘው፣ የቀጠሮውን ቀን አይጠብቅ።

ለሆስፒታሎችም አንድ ጥያቄ አለን። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ይደረግና ክትትሉ እዚህ ይቀጥላል። በሽተኛው ይዞት በሚመጣው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ስፌቱ አንገት ላይ ነው ወይስ ደረት ውስጥ፣ አፍስሶ ነበር ወይስ አላፈሰሰም፣ ቀዳዳውን የማስፋት ሕክምና ለመጨረሻ ጊዜ በየትኛው ቀን፣ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ድረስ ተደረገ። ይህ ከሌለ ቀጣዩ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፣ በሽተኛውም የሁለት ሳምንት አጥሚት ይጨመርለታል።

ከአክብሮት ጋር፣
በቀዶ ሕክምና ክትትልና በሥነ ምግብ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች፣ ደሴ