የክለቦች ቅርጫት ኳስም ይጻፍልን

ይድረስ ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። የስፖርት ገጻችሁን ዘወትር አነባለሁ፣ ለእግር ኳሱ የምትሰጡት ቦታም አይበዛም እላለሁ። ቅሬታዬ በቅርጫት ኳሱ ነው። ከአሜሪካው ሊግ ከኤን ቢ ኤ ውጭ ቅርጫት ኳስ ያለ አይመስልም። አንዳንዴ ስትጽፉም «እገሌ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። በየትኛው ውድድር? አውሮፓ ውስጥ አህጉራዊ የሚባሉ የወንዶች ክለብ ውድድሮች አራት ናቸው፤ ዩሮሊግ፣ ዩሮካፕ፣ የፊባ (የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን) ሻምፒዮንስ ሊግና የፊባ አውሮፓ ካፕ። ሜዳ ላይ የማገኛቸው ልጆች ይህን ሲጠይቁኝ ጋዜጣችሁን ላሳያቸው አልችልም፣ ምክንያቱም የለበትም።

ነገሩ ለእግር ኳስ ተመልካች ከባድ አይደለም። ሸዋ ሮቢትም ሆነ መሐል ሜዳ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ኳስ የሚያይ ወጣት ሁሉ አንድ ክለብ በሳምንቱ መጨረሻ በአገሩ ሊግ፣ በሳምንቱ መሐል ደግሞ በአውሮፓ እንደሚጫወት ያውቃል። ቅርጫት ኳሱም እንዲሁ ነው። ሪያል ማድሪድ እንኳ የቅርጫት ኳስ ቡድን አለው፣ ያውም የአውሮፓን ትልቁን ዋንጫ፣ የዛሬውን ዩሮሊግ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ 11 ጊዜ የወሰደ። ይህን የነገርኳቸው የማድሪድ ደጋፊዎች አብዛኞቹ አያውቁም ነበር።

ልዩነቱ ያለው አዘጋጁ ላይ ነው። ዩሮሊግን የሚመራው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ አይደለም፤ ክለቦቹ ራሳቸው ያሉበት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ብዙ ትልልቅ ክለቦች ከፊባ ተለይተው የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ፣ ሌሎቹ ፊባ ጋር ቀሩ፣ እና በ2001 አውሮፓ ሁለት ሻምፒዮን ነበራት፤ በአንዱ የጣሊያኑ ቦሎኛ፣ በሌላው ማካቢ ቴል አቪቭ። በዓመቱ ተመልሰው አንድ ሆኑ። ፀቡ ግን አልበረደም። ፊባ በ2016 የራሱን ሻምፒዮንስ ሊግ ያቋቋመው ለዚህ ነው። አንባቢ ይህን ካልተነገረው ስሞቹ ቢምታቱበት አይፈረድበትም።

ከ2025-26 ጀምሮ ዩሮሊግ 20 ክለቦች አሉት። ሁሉም ከሁሉም ጋር ደርሶ መልስ ይጫወታሉ፣ ለአንድ ክለብ 38 ጨዋታ ማለት ነው፣ የአገር ውስጡን ሳይጨምር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት በቀጥታ ያልፋሉ፤ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ያሉት ለቀሩት ሁለት ቦታዎች ይፋለማሉ። ከዚያ ስምንቱ ተጋጥመው ሦስት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። የቀሩት አራቱ አንድ ከተማ ላይ ይሰበሰቡና በአንድ ቅዳሜና እሁድ አካባቢ ሁሉም ነገር ያልቃል፤ እዚያ መልስ ጨዋታ የሚባል የለም። በ2025 ይህ የተካሄደው አቡ ዳቢ ላይ ነበር፣ ዋንጫውንም የቱርኩ ፌነርባቼ ሞናኮን ረትቶ ወሰደ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን መግቢያው ነው። አብዛኛው ቦታ የረጅም ዓመት የመሳተፍ ፈቃድ ላላቸው ክለቦች የተያዘ ነው። የአገርህን ሊግ ብትወስድ እንኳ ዩሮሊግ ትገባለህ የሚል ዋስትና የለም። የስፔኑ ኡኒካሃ ማላጋ የፊባን ሻምፒዮንስ ሊግ በ2024ም በ2025ም አከታትሎ በላ፤ ያ ዋንጫ ግን የዩሮሊግን በር አይከፍትም። የዩሮሊጉ አዘጋጅ ሁለተኛ ውድድር የሆነው የዩሮካፕ አሸናፊ ይገባል፣ እሱም ለቀጣዩ ዓመት ብቻ ነው። ገንዘቡንና አዳራሹን እረዳለሁ፣ ክለብ በእርግጠኝነት እንዲያቅድ ይጠቅማል ይላሉ። ቢሆንም ሜዳ ላይ ያሸነፈ ቡድን ውጭ ሲቀር ልክ ነው ልል አልችልም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ «ባል» የሚሉት፣ በ2021 ኪጋሊ ላይ ተጀመረ። ያቋቋሙት ፊባና ኤን ቢ ኤ አብረው ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ የግብጹ ዛማሌክ ወሰደ፣ ከዚያ የቱኒዚያው ሞናስቲር፣ ከዚያ የግብጹ አል አህሊ፣ በ2024 የአንጎላው ፔትሮ ዴ ሉዋንዳ፣ በ2025 ደግሞ የሊቢያው አል አህሊ ትሪፖሊ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር በእነዚህ ዓመታት 12 ነበር። የጥቂት አገሮች ሻምፒዮኖች በቀጥታ ይገባሉ፣ የሌሎቹ አገሮች ሻምፒዮኖች በማጣሪያ ይመጣሉ። አያችሁ? ይህ በር የሚከፈተው በአገር ውስጥ ሊግ በማሸነፍ ነው። ለኢትዮጵያ ክለብም ያው መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ንፋስና ብርድ ማልዶ ኳስ የሚያነጥር ልጅ ስለ ሎስ አንጀለስ ሁሉንም ያውቃል፣ ከአገሩ ክለብ ወደ አፍሪካ መድረክ የሚወስደውን መንገድ ግን የነገረው የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ የእናንተም ሥራ ይመስለኛል።

ዋና ከተማ ያልሆነ ቦታ ምን ሊያወጣ ይችላል ለሚሉ ደግሞ ካውናስን ጻፉላቸው። የሊትዌንያ ዋና ከተማ አይደለችም፤ የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ ሦስት ሚሊዮን አይሞላም። ክለቧ ዣልጊሪስ ግን በ1999 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ስመ ጥሩው ተጫዋች አርቪዳስ ሳቦኒስም የዚያችው ከተማ ልጅ ነው።

ሌላም አለ፣ ባጭሩ። ልጆቻችን የሚያዩት በኤን ቢ ኤ ሕግ፣ የሚጫወቱት በፊባ ሕግ ነው። በፊባ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፣ በኤን ቢ ኤ 48። በአምስት ፋውል ትወጣለህ፣ እዚያ በስድስት። የሦስት ነጥቡ መስመር ከፊት ለፊት 6.75 ሜትር ላይ ነው፣ የኤን ቢ ኤው 7.24። የአውሮፓና የአፍሪካ ክለቦችን ጨዋታ የሚከታተል ልጅ ነገ ራሱ የሚዳኝበትን ጨዋታ ያያል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ዩሮሊግ አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስና ዓርብ ስለሚካሄድ ቅዳሜ ቅዳሜ ውጤቱንና የደረጃ ሠንጠረዡን አውጡልን። ስለ አንድ ዋንጫ ስትጽፉ የየትኛው ውድድር እንደሆነና አሸናፊው ቀጥሎ የት እንደሚገባ አንድ መስመር ጨምሩ። የባል ማጣሪያ ሲደርስ ደግሞ ፌዴሬሽናችንን ደውላችሁ ጠይቁልን፤ የዘንድሮው ሻምፒዮናችን ይሄዳል ወይ? ካልሄደስ ምን አግዶት ነው?

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ